የተቆረጠው መልስ

እኔን ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ዘፈን ነው። ሌሎችም አሉኝ፤ ከአቀናባሪ ጋር የተኳረፍኩባቸው፣ ጥርሴን ነክሼ ያስጨረስኳቸው። እነሱ ሲከፈቱ ሰው ምግብ ሊያነሳ ይሄዳል። ያ ሲከፈት ግን ምግቡን ትቶ ይነሳል። ከበሮው ገና ሲጀምር የሙሽራው አጎቶች ኮታቸውን ያወልቃሉ፣ እናቶች ነጠላቸውን ያሸርጣሉ፣ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ግጥም ይመጣል፦

ጅቡ ሲመጣበት ዛፉ ላይ ተሰቅሎ፣
አህያውን ሸኘው «አንተ ቅደም» ብሎ።

ይስቃሉ። እኔም አብሬ ጥርሴን አሳያለሁ። ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ሰው ግን ተረት አይደሉም። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ዛሬም ታች ጋይንት ውስጥ በሕይወት አሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «አያ» እያልኩ፣ በአንቱታ እየጠራኋቸው ነው ያደግኩት።

የተወለድኩበት ቀበሌ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አባቴ እኔ የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወረደ። አብረውት የወረዱት ለገና ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። አንዱ ሱዳን ተሻገረ አለ፣ ሌላው እዚያው ትዳር ይዟል አለ። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰለትም። ስላልተለቀሰለት ደግሞ እናቴ ባለትዳር ነበረች፤ ባሏ ብቻ ነው የሌለው። መሬት አለን፣ አራሽ የለንም። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ ሞፈር ግን አትይዝም። ስለዚህ ማሳውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከምርቱ እኩሉን መቀበል ነው ወጉ። አያ ግን የራሳቸውን አርሰው ሲጨርሱ በሬዎቻቸውን ሳይፈቱ ወደ እኛ ማሳ ይሻገሩ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ የሚወስዱት ገለባውን ነው። እናቴ እህል ልትሰፍርላቸው ስትነሳ፣ «ኧረ ተይ እባክሽ! ያረሱልሽ በሬዎቹ ናቸው፤ ለነሱ ገለባው ይበቃል» ይሏታል።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ አርብ ገበያ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየሁ። ስንቄን፣ ድርቆሹንና ሽሮውን፣ በገበያ ቀን በአህያ ጭነው የሚያመጡልኝ አያ ነበሩ። ጆንያውን ለሰው አደራ ሰጥተው አይሄዱም። ለእናቴ «በዓይኔ አይቻታለሁ» ማለት ስላለባቸው እኔ እስክመጣ ገበያው ዳር ይቆማሉ።

አንድ አርብ ከትምህርት በኋላ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ነበርና እንድዘፍን ተመረጥኩ። ማይክ ስጨብጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጭብጨባው ጣመኝ። ሌላ ዘፈን ጨመርኩ፣ ከዚያ ከጓደኞቼ ጋር ስንሳሳቅ ቆየን። ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም። አያ እንደሚጠብቁኝ እያወቅኩ ነው የቆየሁት። ስደርስ ገበያው ተበትኗል፣ አህያው ባዶ ሜዳ ላይ ሽንኩርት ልጣጭ ይለቃቅማል፣ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች።

«እስካሁን አልሄዱም?» አልኳቸው፣ ጥፋቱ የሳቸው ይመስል።

«አንቺን ሳላይ የት ልሂድ? በይ ይኸው ስንቅሽ» አሉና ተሰናበቱኝ።

መንገድ ላይ መሸባቸው። ወንዙ መውረጃ ላይ ጅብ ገጠማቸው፤ አንድ ብቻም አልነበረም። እሳቸው ወይራ ላይ ወጡ፣ አህያው ተበላ። በሚቀጥለው አርብ ጆንያውን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው መጡ። ያንን ሳይ እዚያው ገበያው መሃል አለቀስኩ። እሳቸው ደነገጡ። ልጅ ማባበል አያውቁበትም፤ የሚያውቁት ቀልድ ነው።

«ምን ያስለቅስሻል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? ጅቡን ሳይ እኔ ወደ ላይ ወጣሁ፣ እሱን ‹አንተ ቅደም› ብዬ ሸኘሁት። ባለጌ አይደለሁም መቼም!»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። እንግዲህ አገር የሚያውቀው ቀልድ የኔ አይደለም። እኔን ከጸጸት ሊያወጡኝ ብለው የተናገሩት የሳቸው ቃል ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ በቀጣዩ ጥር፣ የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ሙሽራው የአያ የወንድም ልጅ ስለነበር እሳቸውና ሚስታቸው ከወንዱ ወገን ሆነው መጡ። በእኛ ዘንድ ሰርግ ላይ የሴቷና የወንዱ ወገን በግጥም ይሰዳደባል። ዳሱ ውስጥ አንቱታ የለም፣ ይሉኝታ የለም። አንዱ ይሰድባል፣ የተሰደበው ወገን ይመልሳል፣ ሁሉም ይስቃል። መልስ ከተሰጠ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ቂም የያዘ እሱ ራሱ ይወቀሳል። እኔ ድምፀ መረዋ እየተባልኩ ተሞግሼ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበርና ከሴቷ ወገን ወጣሁ። ሌላ የሚሰደብ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ያ ግጥም ግን ከመጣልኝ ሰንብቷል። አወረድኩት። ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት አያ ነበሩ፣ በዱላቸው መሬቱን እየደበደቡ።

ያኔ ሚስታቸው ተነሱ። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። ዝም ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰርግ ላይ ግን የሚችላቸው አልነበረም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትክ ብለው እያዩኝ እንዲህ መለሱ፦

ዛፍ የወጣው ባሌ ሲነጋ ወረደ፣
ያንቺስ አባት የታል? እዚያው እንደሄደ።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ፣ ከዚያ አንዳንዱ እናቴን አየና ሳቁን ዋጠ። እናቴ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ መቅዳቷን አላቆመችም። እኔ እየሳቅሁ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ፣ የገለባው ክምር ጋ፣ አለቀስኩ። ስመለስ እትዬ ጉንጬን ሳሙኝ። ሰደብኩ፣ ተሰደብኩ። በወጉ መሠረት እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

የሙሽራዪቱ ወንድም ሁሉንም በስልኩ ቀርጾት ነበር። ከስልክ ስልክ ሲሻገር አዲስ አበባ ያለ አንድ አቀናባሪ እጅ ገባ። አስጠራኝ። ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ ቪዲዮውን ከነመልሱ አጫወተኝና ተነስቶ ቆመ። «ወርቁ እኮ መልሱ ነው! አንዲት እናት ፈልገን ድምፃቸውን እናስገባለን፤ አንቺ ትሰድቢያለሽ፣ እሳቸው ይመልሳሉ» አለኝ።

«እሱ ይቅር» አልኩት።

«ለምን?»

«ያረጀ ግጥም ነው። አገር ያወቀው።» ዋሸሁ።

እንዲህ ሆነና መልሱ ተቆረጠ። የቆረጠው አቀናባሪው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ስድቡ ብቻውን ወጣ።

የቀረውን ታውቃላችሁ። ሚኒባሱ እሱን፣ ባጃጁ እሱን። ሰው በር ላይ ሲገናኝ «አንተ ቅደም» ተባብሎ የሚስቅበት ጊዜ መጣ። የሰርግ ጥሪ ከዓመት ዓመት ያዘኝ። ቤት ተከራየሁ፣ ለእናቴ ቆርቆሮ አስመታሁ። ጋዜጠኞች ስለ ልጅነቴ ሲጠይቁኝ ጣፋጭ ጣፋጩን እመርጥላቸዋለሁ። «ሰውየው በእውነት አሉ?» ሲሉኝ «ኧረ ተረት ነው» እላለሁ። ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ ደግሞ «በልጅነቴ ነው የሞተው» አልኩ፣ በሬዲዮ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። በማግስቱ እናቴ ደወለች።

«መርዶ መጥቶልሽ ነው?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያልኩት።»

«ይሁን» አለችና አያ አርብ ገበያ መውጣት እንደተው ነገረችኝ። ሳይጠይቋት የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ስለዚህ እንዳውቀው ፈልጋለች ማለት ነው። ገበያ ሲገቡ ልጆች ይከተሏቸዋል አለችኝ። አንቱ ማለት የሚገባው የጎረቤት ልጅ ከአጥር ላይ ሆኖ «አንተ ቅደም!» ብሎ ይጮህባቸዋል። በማርያም ለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው አንድ ሽማግሌ ሊያሳልፉ ሲሉ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ያንኑ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ቄሱም ሳይቀሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ አያ የሚያስቀድሱት ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነው። ጋይንት ውስጥ ለወንድ ልጅ ፈሪ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። እኔ ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን አምልጦኝ አይደለም። የበላሁበትን ወጪት የሰበርኩት ዓይኔ እያየ ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም አይደለም ይባል ነበር፣ መኪናም አንድ ሰሞን ሄዶ አንድ ሰሞን ይቀር ነበር። «መንገዱ ባይዘጋ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር» እላታለሁ እናቴን። እግዜር ያያል፤ መንገዱ በመዘጋቱ ደስ ይለኝ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ግን ምክንያት አጣሁና ሄድኩ። በልቤ አንድ ነገር ይዣለሁ፦ እትዬ መልሱን በገዛ ድምፃቸው ይዘፍኑታል፣ እኔ እቀርጸዋለሁ፣ ከዘፈኑ ጋር ተያይዞ እንደገና ይወጣል። አገሩ ሁሉ አያ ሲነጋ ወርደው ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ይሰማል። የኔ አባት እንዳልተመለሰም ይሰማል። ይሰማ፣ አልኩ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። አያ አውድማ ላይ ነበሩ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እጃቸው ሳይቆም አዳመጡኝ።

«አልችልም ልጄ፤ ምያለሁ» አሉ።

«ለምን? ለማን?»

«ለአያሽ ነዋ። የሰርጉ ለት ቤት ስንገባ እህል አልቀምስም አለኝ። ‹ልጅቱ ከክምሩ ጋ ስታለቅስ አየኋት፤ ምን አድርጋሽ ነው?› አለኝ። ‹አንተን ሰድባህ አይደለም እንዴ! መለስኩላት› አልኩት። ‹እኔስ ከዛፉ ወርጃለሁ፤ እሷ አባቷን ከየት ታምጣ?› አለኝ። ያን ግጥም ሁለተኛ ከአፌ እንዳላወጣ በታቦት አስማለኝ።» አንድ ባቄላ ፈለፈሉ። «ልጆቹ እየዘፈኑ በደጄ ሲያልፉ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። እውጠዋለሁ።»

«እኔ ግን አልማልኩም» አልኩ።

«አንቺማ አልማልሽም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

አያ ገለባ ልብሳቸው ላይ እንዳለ መጡ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ቀድመው ትከሻዬን ያዙኝና «ከሳሽ እንዴ? እህል ትበያለሽ?» አሉኝ። ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የተቀዳልኝን ጠላ ጠጥቼ ተመለስኩ።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ አዲስ አበባ ሰርግ ነበረኝ። ኪቦርድ ለሚጫወተው ልጅ «ከ‹አንተ ቅደም› በኋላ ቦታ ተውልኝ፣ አዲስ ስንኝ አለኝ» አልኩት። ዘፈኑ ተጀመረ፣ አዳራሹ ተነሳ። ሙሽራዋ ከፊት ለፊቴ ከአባቷ ጋር ትጨፍራለች፤ ትከሻዋን በያዘ ቁጥር ሽቅብ እያየችው ትስቃለች። ልጁ ቦታውን ተወልኝ። «ዛፍ የወጣው ባሌ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጣዩ ቃል «ሲነጋ ወረደ» ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አባቴ ነው። ማይኩን ዝቅ አደረግኩት። ከበሮው ጠበቀኝ፣ ኪቦርዱ ጠበቀኝ። ሰዉ ግጥሙ የጠፋኝ መስሎት በደግነት፣ በአንድ ድምፅ፣ «አንተ ቅደም ብሎ!» እያለ አነሳልኝ።

አብሬያቸው ዘፈንኩ። ሲያልቅ የሙሽራዋ አባት ላቡን እየጠረገ መጣና ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈልኝ።

«ድገሚው!» አለኝ።

ደገምኩት።