የጉሬዛ መንገድ

በጓሮዬ በኩል ጉሬዛዎች ያልፋሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ተነሥተው በዋንዛና በብሳና ቅርንጫፍ ላይ እየዘለሉ ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ይደርሳሉ፤ ሲመሽ በዚያው ይመለሳሉ። መሬት ከወረዱ የፍኖተ ሰላም ውሻ አይምራቸውም። አንዷን ውሾች አጥር ሥር ሲቦጫጭቋት አይቻለሁ፤ ግልገሏ ከደረቷ አልተላቀቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ዛፎች በክፉ ዓይን የሚያይ ሰው አልወድም።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማው መስፋት ጀመረና ቦታ ሸንሻኞች ሜትራቸውን ይዘው መጡ። የዛፎቹ መስመር ለሁለት ቤት ይበቃል አሉ። አለቃቸው የቀድሞ ተማሪዬ ነበር።

«እትዬ፣ ለጦጣ ብለው ከተማ ሊያስቀሩ ነው?» አለኝ።

ጦጣና ጉሬዛ አለመለየቱ አናደደኝ፤ ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ደግሞ ይበልጥ። አቤቱታ ጻፍኩ፤ መልስ የሰጠኝ የለም።

በሳምንቱ ከማንኩሳ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ቆራጭ ተቀጥረው መጡ። ነጠላዬን አደግድጌ ከመጀመሪያው ዋንዛ ሥር ቆምኩና «በሕግ አምላክ» አልኩ። በአገራችን ወግ ይህ ከተባለ በኋላ እጁን የሚያነሣ ሰው ነውረኛ ነው። ሽማግሌው መጥረቢያቸውን ወዲያው አወረዱ። ተማሪዬ ይህ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን ሕግ ማለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው እያለ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ሕግ ጠርታለች። ደፋር ከሆንህ እንካ፣ አንተው ቁረጠው» ብለው መጥረቢያውን ዘረጉለት።

አልተቀበላቸውም። ለሁለት ቤት የሚሆን ሌላ ቦታ ካልተገኘ ነገ ሌላ ቆራጭ እንደሚላክ ነገረኝ። እውነቱን ነበር። ያለኝ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የቡሬ አውቶብስ የሚያልፍበት፣ ጡረታ ስወጣ ሱቅ ልከፍትበት ያሰብኩት የግቢዬ የመንገድ ዳር ግንባር። እሱን ውሰዱ አልኩት። ይቆጭዎታል ብሎ ለመነኝ። እህቴ አበድሽ ብላ አለቀሰች። እኔ ፈረምኩ።

ግንባሬ ላይ ዛሬ የሰው ፎቅ ቆሞበታል። ቤቴ የምገባው በጓሮ፣ በዛፎቹ ሥር ነው፤ ጉሬዛዎቹ በላይ፣ እኔ በታች፤ አንዳንዴም ይሸኑብኛል። በሰፈሩ የሚያዝንልኝ ብዙ ነው። ማንም አይዘንልኝ፤ መርጬ ነው።