አክስቴ የማያምኑት «ገባኝ»

አክስቴ «ገባኝ» የሚል ልጅ አያምኑም ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ሶዶ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከአንዲት የውጭ አገር መምህርት ጋር ሕፃናት ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን ከቤት ይዘን የመጣነው ወላይትኛ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መምህርቷ ቤቱን በዐለት ላይ ስለሠራው ብልህና በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሞኝ ነገረችን። «ገባችሁ?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ። እሷ ደስ አላት። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን አጥብበው አዩን፤ የሆነ ነገር የሰረቅን ነበር የሚመስለው።

ስንወጣ እኔን ያዙኝ።

«እስቲ በቤታችን ቋንቋ ንገሪኝ፤ ሞኙ የትኛው ነው?»

«በዐለት ላይ የሠራው» አልኩ። «ምሰሶውን ምን ላይ ሊተክል ነው? ድንጋይ ይቆፈራል እንዴ?»

አልሳቁም፤ አልተቆጡኝምም። እጄን ይዘው ወደ መምህርቷ መለሱኝና «ነገ እንደገና እናስተምረው። አንድም ልጅ አልገባውም» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ እንደጠረጠሩኝ ኖሩ። ካገባሁ፣ ከወለድኩም በኋላ «ደህና ነኝ» ባልኩ ቁጥር ዓይናቸውን ያጠብባሉ። «እስቲ በቤታችን ቋንቋ» ይሉኛል። ያኔ እንባዬ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ።

አንድም ሰው አልጠረጠረኝም።