የልቦለዱ ወታደር ቡራዩ የመጣ ዕለት

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ የቡራዩ መንገድ በድንጋይና በግንድ ሲዘጋ ታክሲ ይቆማል። ታክሲ ሲቆም እኔም ዩኒቨርሲቲ መሄድ ትቼ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ እውላለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ በድሮ የአሜሪካ ልቦለዶች ውስጥ የሴቶች ቦታ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ የሚመረምር ነበር። አከራዬ እዚያው ቡራዩ ተወልደው ያረጁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ርዕሱን ስነግራቸው፣ «ኧረ እባክሽ! የአሜሪካ ሴት ደግሞ ምን ጎደላት?» አሉኝ።

የጎደላትን እነግራቸው ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ልቦለዶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። አንዲት የዋህ ልጅ አለች፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወታደር አለ፤ ወታደሩ ማር የመሰለ ደብዳቤ ይጽፋል። ልጅቱ ከቤቷ ትጠፋለች፣ ታረግዛለች፣ ይክዳታል፣ እሷም በሰው ቤት ወልዳ ትሞታለች። እማማ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቁመው፣ «ላኪ! ላኪ!» ይሉኛል በኦሮምኛ፣ ተይ ለማለት፤ «አትሂጂ በያት እንጂ!» እኔ ምን ላድርግ? ልጅቱ ሄደች፣ ሞተች። እማማ ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

«መሬቴን ሊለካ የመጣው ሰውዬም እንደዚሁ ነበር» አሉኝ በማግስቱ። «እናቴ፣ እናቴ እያለ፣ ካሳ ሊያስከፍለኝ፣ ፎቅ ሊያሰጠኝ! አፉ ያማረ ሰው አይታመንም።»

የኋለኞቹ ልቦለዶች ሌላ ናቸው። እዚያ ሴቷ አልሞትም ብላለች። ታስተምራለች፣ ትጽፋለች፣ ሠርታ ትበላለች፣ ሲያስፈልግም ባሏን በሩ ያውልህ ትለዋለች። ይህንን ግን ሳልነግራቸው መንገዱ ተከፈተና እኔም ወደ ትምህርቴ በረርኩ።

በዚህ መሃል ሱሉልታ የሚያስተምር ልጅ ወድጄ ነበር፤ ወድጄ ስል ደግሞ እንቅልፍ እስካጣ ነው። ሽማግሌ ልላክ አለ። እናቴ ያለችው ጎጃም፣ መንገዱ የማይታመን፤ ስለዚህ ለእማማ ደውላ፣ «እናቷም አባቷም እርስዎ ነዎት። እሺ ካሉ እሺ፣ እምቢ ካሉም እምቢ ነው» አለቻቸው። እማማ ይወዱኛል፣ እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ጠዋት መጡ። በአዲስ አበባ ዞረው፣ በየኬላው ሲፈተሹ ቆይተው፣ የመጨረሻዋን መንገድ በእግራቸው ነው የደረሱት። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ደንቡ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔም እንደ ደንቡ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን አቆምኩ።

አካም ጅርቱ፣ ደኅና ናችሁ ወይ ከተባባሉ በኋላ ዋናው ሽማግሌ ልጁን ማሞገስ ጀመሩ።

«ልጃችን አንደበተ ርቱዕ ነው።»

«እሱንማ ጠርጥሬያለሁ» አሉ እማማ።

«ደብዳቤ ሲጽፍ ድንጋይ ያስለቅሳል!»

«ያም ይጽፍ ነበር!»

«የትኛው?»

«ወታደሩ ነዋ!»

በዚያ ሰሞን ወታደር የሚባል ነገር በዋዛ አይነሣም። ጎረቤታችን ልጇ ከታሰረ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትበረግግ ነበር። ሽማግሌውም ደንግጠው፣ «እትዬ፣ የእኛ ልጅ አስተማሪ ነው፤ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም» አሉ።

«ሲጀምሩ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ያቺን የሰው ልጅ አስረግዞ በሰው ቤት ጣላት!»



«አስረግዞ?» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ወርዶ። «ይህንን ማንም አልነገረንም። ተዋርደናል፤ ተነሡ እንሂድ።» የቆሙትን ሰዎች ነው ተነሡ የሚሏቸው! ከዘራው ወደ በሩ ሲያመራ ሰማሁ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ከወጡ ሁለተኛ አይመለሱም፤ የልጁንም ስም ሱሉልታ ድረስ አጥፍተው ነው የሚገቡት።

ጉዴ ፈላ! መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ። «ልጅቱ የለችም!» ብዬ ጮህኩ። «መጽሐፍ ውስጥ ናት! ደግሞም ከሞተች ቆይታለች!»

«ጭራሽ ሞታለች?» አሉ ሽማግሌው እያማተቡ።

እንዴት እንዳስረዳኋቸው እኔም አላውቅም። አሜሪካ አልኩ፣ ልቦለድ አልኩ፣ ማሟያ ጽሑፍ አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ዋናው ግን ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ልጄ፣ በሽማግሌ ፊት ልጅት አትናገርም። ግቢ» አሉኝ።

እማማ ብድግ አሉ። «በቤቴ እሷን ግቢ የሚላት ማነው? ያችኛዋንስ ዝም በይ ዝም በይ እያሏት አይደል የገደሏት! ተናገሪ አንቺ። ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ።»

«ቢከዳሽስ?»

«ቢከዳኝ አለቅሳለሁ። ግን አልሞትም፤ ሥራዬን ይዤ እዚሁ እመጣለሁ።»

እማማ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወንበር እየሳቡ ሽማግሌዎቹን፣ «ተቀመጡ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሏቸው። ወደ እኔም ዞረው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ክፍልሽን ግን ለማንም አላከራይም። ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ።