በመዶሻ የተፈተነው ቶጳዝዮን

በደብረ ታቦር ሰዓት ጠጋኝ ማለት እኔ ነበርሁ። ከአንበሳሜም ከገሳይም ሰው የቆመ ሰዓቱን በመሐረብ ቋጥሮ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። መምህር አልነበረኝም። ሰዓትን ፈታትቼ፣ ድንጋይን ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ እየፋቅሁ ተማርሁ። የትኛው የትኛውን እንደሚጭር ያወቀ ሰው የድንጋዩን ስም አያጣውም። ይህን በከተማው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ዛሬም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ለውትድርና በሚታፈስበት ወራት፣ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤቴ አንድያ ልጃቸው ተይዞባቸው ቀበሌ ታጎረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጁን ለመልቀቅ እጅ መንሻ ፈለገ። ሴትዮዋ የነበራቸው፣ እናታቸው ከኢየሩሳሌም ተሳላሚ ያገኙት የጠጅ መልክ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከማተባቸው አይለይም ነበር። ሊቀመንበሩ ብርጭቆ እንዳይሆን ብሎ እሳቸውንም ድንጋዩንም ይዞ ሱቄ መጣ።

“እስቲ አንተ የሰዓት ሐኪም፣ ይህን መርምረው።”

መስተዋት በሚጭረው ነጭ ድንጋዬ ላይ ፋቅሁት። የተጫረው ነጩ ድንጋይ ነው።

“ቶጳዝዮን ነው” አልሁት፤ “መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በስሙ የተጠራው።”

“ጭረት አይገባኝም። መዶሻህ የታለ?”

በእኛ አገር እውነተኛ ዕንቁ በመዶሻ አይሰበርም ይባላል። ሽማግሌውም ቄሱም ያምነዋል።

“ተው! ይኼ ጭረት ይችላል እንጂ ምት አይችልም። እንደ ጥድ ግንድ የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ አለው።”

“ፈራህ? ከሴትዮዋ ጋር ተማክራችኋላ!”

ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ ራሳቸው በእኔ ላይ ተቆጡ። “አያ፣ አንቱ ዝም በሉ! የእናቴ ድንጋይ ነው፣ ይምታው!” ወደ ሊቀመንበሩም ዞረው፣ “ካልተሰበረ ልጄን ትሰጠኛለህ?”

“እሰጥሻለሁ።”

“በጊዮርጊስ በል!”

“ጊዮርጊስን ተይው፤ እሰጥሻለሁ አልሁ።”

መዶሻው አንዴ አረፈ። ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ፤ የተከፈለበት ፊት እንደ መስተዋት ልሙጥ ነበር።

“ይኸው!” ብዬ ጮኽሁ። “ብርጭቆ እንዲህ አይሰነጠቅም፣ ይደቃል። እውነተኛነቱን አንተው አስመሰከርህ!”

“ተሰበረ አይደለም እንዴ? በይ እማማ፣ ብርጭቆሽን ልቀሚ” ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ሴትዮዋ አልለቀሙም። መዶሻውን ያዩ ነበር።

ልጁ በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተጫነ። አልተመለሰም።

እኔ ያደረግሁትን ግን ላስቀምጥ። ድንጋዩን ሳይሰበር በስሙ ጠርቼዋለሁ። ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት “ተው” ብዬዋለሁ፤ ያን ጊዜ ይህን የሚል ሌላ ሰው አላየሁም። ሁለቱን ክፋይ ከወለል ለቅሜ፣ ሳልበሳቸው በብር ሽቦ አስሬያለሁ። አንዱን ለልጁ መኪናው ሳይንቀሳቀስ እጁ ላይ አድርሻለሁ፣ ሌላውን ለእናቱ ሰጥቻለሁ። ሴትዮዋ “የውሸት ድንጋይ አውርሳ ልጄን አስበላችኝ” እያሉ የሞቱ እናታቸውን ሲረግሙ፣ ቤታቸው እየተመላለስሁ፣ ዓይናቸው እያየ ክፋዩን በነጩ ድንጋይ ላይ እየፋቅሁ፣ እውነተኛ እንደነበረ አሳምኛቸዋለሁ። እናታቸውን መርገም ተዉ፤ “ይምታው ያልሁት እኔ ነኝ” አሉ። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም።