ቅዳሜ በርቶ ሰኞ የጠፋው ፕላስቲክ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ኮሎምበስ ውስጥ ኬሚስትሪ እማር ነበር። እማር ነበር እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት። ካድሚየም ሴሌናይድ ከሚባል ነገር በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ቅንጣቶች እሠራለሁ። ፈሳሽ ውስጥ ሆነው አልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍባቸው ብርቱካናማ ሆነው ይበራሉ፤ ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። እነሱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ እዚያም እንዲበሩ ማድረግ ነበር ሥራዬ። ፕላስቲክ ውስጥ ሲገቡ ግን ድርግም ይላሉ።

ጣጣው ያለው ገጻቸው ላይ ነው። ቅንጣቷ ከማነሷ የተነሳ ከአተሞቿ ብዙዎቹ ዳር ላይ፣ የሚይዙት አጥተው የቀሩ ናቸው። ረጃጅም ቅባታም ሞለኪውሎች እንደ ጋቢ ካልሸፈኗት ብርሃኑን እዚያው ውጣ ታስቀረዋለች። ፕላስቲኩ ደግሞ ሲጠነክር ያንን ልብስ ይገፍፋታል። አለበስኳት፣ ገፈፋት። ሌላ አለበስኳት፣ እሱንም ገፈፋት። እልህ ያዘኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት።

አድቫይዘሬ፣ ምርምሬን የሚመራውና የሚከፍለኝ ፕሮፌሰር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እየረገምኩት እውል ነበር። እዚሁ ከተማችን ዳር ደብሊን ከሚባለው ሰፈር ካለ ኩባንያ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ የሚበራ ነገር ካላሳየናቸው ላንተ የምከፍልህ አይኖረኝም አለኝ። ደመወዙ ከቆመ ትምህርቱ ይቆማል፣ ትምህርቱ ከቆመ ቪዛው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልችልም ነበር። ወደ ላቦራቶሪው ስነዳ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ሲለቀቅ እንባዬን ጠርጌ እነዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል ሰው የሚለው ይታወቃል፤ ሥራ፣ ወረቀት፣ ጤና ነው። እኔ አፌ አላርፍ ብሎ፣ "የምሠራው ነገር አልበራም አለኝ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጤና ይስጥልኝ የሚለኝ ጠፋ። ሰላምታው "በራ?" ሆነ። ግሮሰሪ ውስጥ "በራ?" ይሉኛል። ላብ ድረስ ኮል አድርገው "በራ?" ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ጌታ ሆይ፣ አምፖሉን አብራለት" ሲሉ ሰማሁ። አምፖል አይደለም ጋሼ ብሎ ማስረዳቱ ሰለቸኝና አሜን አልኩ።

እንግዶቹ ሰኞ ሊመጡ ቅዳሜ በራ። የልብሱን ሞለኪውል ቀይሬ፣ አንዱ ጫፉ ቅንጣቷን እንዲይዝ፣ ሌላው ጫፉ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ እንዲጠነክር አድርጌ ነበር። መብራቱን ስይዝበት ፕላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ ሆነ። ላቡ ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

እኛ ዘንድ የተጸለየለት ነገር ሲሳካ እሁድ ቆሞ መመስከር ግድ ነው፤ ዝም ያለ ሰው የእግዚአብሔርን ክብር እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ላብ ውስጥ ደግሞ አንዴ የታየ ነገር ገና እንዳልታየ ነው፤ ደግመህ ሠርተህ፣ አሳድረህ ነው አፍህን የምትከፍተው። ሁለቱንም ሕግ ጠንቅቄ አውቃለሁ። እሁድ ማይክሮፎኑን ጨበጥኩና "በራ" አልኩ። አዳራሹ እልልታ በእልልታ ሆነ፤ ሽማግሌው አቅፈው አልለቅም አሉ።

ሰኞ ጠዋት ከእንግዶቹ ቀድሜ ገብቼ መብራቱን ያዝኩበት። ምንም የለም። አምፖሉን ቀየርኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ምንም። ለካ ፕላስቲኩ ቅዳሜ ጠንክሮ አልጨረሰም ኖሯል። እኔ እሁድ ስመሰክር እሱ ውስጥ ውስጡን ቅንጣቶቼን ይገፍፋቸው ነበር። እንግዶቹ በትሕትና እጃችንን ጨብጠው ሄዱ። አድቫይዘሬ በሩን ዘጋና ከልቡ እያዘነ፣ ተርሙ ሲያልቅ ማስተርስህን ይዘህ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻላል አለኝ። የት ነው የምፈልገው? ማን ነው በዚያ ሰዓት የሚቀበለኝ? ከሕንፃው ስወጣ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፋኝ።

በሚቀጥለው እሁድ እውነቱን ተናግሬ ልገላገል ቆርጬ ሄድኩ። ምስክርነት ሲባል ግን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ ቀደሙኝ። ጋሃና፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ። አዲስ አበባ ትተዋት የመጡት አንዲት ልጃቸው ቪዛ እንድታገኝ ስንጸልይላቸው ነው የከረምነው።

"የዚህን ልጅ ብርሃን ያበራ ጌታ የእኔንም ልጅ ያመጣልኛል" አሉ በጣታቸው ወደ እኔ እያሳዩ። "ገና ሳትመጣ አመሰግነዋለሁ።"

እልልታው እንደገና ተነሳ። እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።

ስንበተን እትዬ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠብቀው ያዙኝ። "አሁንም ይበራል?" አሉኝ።

"ጠፋ፣ እትዬ። ሰኞ ዕለት ጠፋ። እኔንም አሰናብተውኛል።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ "የእኔንም ልጅ ሐሙስ ኤምባሲ ከለከሏት" አሉ።

"ሐሙስ? ታዲያ ዛሬ ምን ብለው ነው የመሰከሩት?" ንዴት አፍኖኝ ነበር፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም።

"ያንተ በርቷል ብዬ ነዋ። ያንተ ከበራ የሷም ይሆናል ብዬ።"

ሰዎቹ ከአዳራሹ እየወጡ ነበር፤ ሽማግሌው ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እትዬ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለእነሱ እንዳትነግራቸው" አሉኝ።

"የልጅዎን ነገር? አልናገርም፣ እትዬ።"

"የሷንስ ንገራቸው" አሉ። "ያንተን ነው።"