ሙንተሃና ሦስቱ ክብ ምርጫዎች

ሙንተሃ ልጅ ወልዳ ቤት ከዋለች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው እንደገና ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው። ኢርቢድ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ሻዋርማ ቤት በላይ ያለች ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢሮ የአንድ ወር ሙከራ ሰጠቻት። አለቃው አቡ ፊራስ መሸንገል የማያውቅ ሰው ነው።

"ስምንት ዓመት በኛ ሙያ አንድ ዕድሜ ነው፣ ኡም ቀይስ" አላት በልጇ ስም፣ የቀይስ እናት ለማለት። "ወርሽ በሚያልቅበት ሐሙስ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነርስ ለታማሚዎቿ የምትሠሪውን የቀጠሮ ገጽ ልታይ ትመጣለች። ከሠራ ትቆያለሽ፤ ካልሠራ ያለ ቅያሜ እንለያያለን።"

ከቀይስ እናትነት ሌላ የምታውቀው ነገር እንዳላት ለራሷ ማሳየት ፈልጋ ነበር። ይህን ፍላጎቷን ለባሏ እንኳ አልነገረችውም።

ገጹ ላይ የእጥበት ሰዓት የሚመረጥባቸው ሦስት ትናንሽ ክቦች አሉ፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ታማሚው አንዱን ሲነካ የሌላው ምርጫ ይሰረዛል። ማታን የመረጠ እንደሆነ ግን ገጹ ወዲያው "መመለሻ መኪና ይላክልዎ?" ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በዚያ ሰዓት ወደ ገጠር የሚሄድ ሚኒባስ ማግኘት ዘበት ነውና።

ሙንተሃ ክቦቹን በአንድነት "ፈረቃ" ብላ ሰየመቻቸው። የትኛው ክብ እንደተነካ የሚያይላት ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕቷ፣ ግን በዚያ ስም ቢጣራ መልስ የሚሰጠው አጣ። ሁለት ቀን ራሷን ካዞራት በኋላ ገጹን የሚያዘጋጀው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሠርቶ የላከውን ከፍታ ብታይ ለካ እሷ ባወጣችው ስም አልረካም፤ ክቦቹ ገጹ ላይ የተቀመጡባቸውን፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያሉ ሣጥኖች ስም ሁሉ ከፊቱ ደርድሮበታል።

"መታወቂያ አወጣላቸው እንዴ? የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የጎሳ!" ብላ ሳቀች። ረጅሙን ስም ፊደል በፊደል ገልብጣ ስክሪፕቷ ላይ ለጠፈችው። ሠራ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከጎኗ የሚሠራው ሌይስ ገጹ ተጨናነቀ ብሎ ክቦቹን ወደ ሌላ ሣጥን አዛወራቸው። ከፀጉሩ ጀምሮ ሁሉን ነገር ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው። እኩለ ቀን ላይ ዋና ነርሷ ሲስተር ኢንሳፍ መጥተው ማታን ነኩ። ገጹ ጭጭ አለ። ደግመው ነኩ። ምንም።

"የኔ ታማሚዎች እንደኔ ትዕግሥት የላቸውም" አሉ።

"ዛሬ ማን ነካው?" አለ አቡ ፊራስ።

ሌይስ እስከ ጆሮው ቀላ። "እኔ... ቦታውን ብቻ ነው የቀየርኩት፣ ወላሂ!"

"የሚሠራ ነገር ምን አስነካህ አንተ?"

ሙንተሃ ወዲያው ገባት። ሣጥኑ ሲለወጥ ሰርቨሩም ስሙን ለውጦታል፤ የእሷ ስክሪፕት አሁንም በድሮው ስም ይጣራል። ዝም ብትል ጥፋቱ ሌይስ ላይ ይቀራል፤ ማንም አይጠይቃትም።

"ተወው እሱን፣ አቡ ፊራስ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርቨሩ ያወጣውን ስም በእጄ ገልብጬ ጻፍኩት፤ ቦታው ሲቀየር ስሙም ይቀየራል።"

"ታዲያ ምን ይሁን? ልቅሶ እንቀመጥ?"

"ሲስተር ሻያቸውን እስኪጨርሱ ጊዜ ስጠኝ።"

"ሻዩ ትኩስ ነው፤ አትቸኩዪ ልጄ" አሉ ሲስተር ኢንሳፍ።

የገለበጠችውን ስም ሰረዘች። በምትኩ ሰርቨሩ ራሱ ገጹን በላከ ቁጥር የዚያን ጊዜውን ስም ስክሪፕቱ ውስጥ እንዲጽፍ አዘዘችው። ከዚያም ስክሪፕቱ ክቦቹን አንድ በአንድ እየዞረ የተመረጠው የትኛው እንደሆነ እንዲጠይቅ አደረገች። አላመነችውም፤ ክቦቹን በገዛ እጇ ከሣጥን ሣጥን እያዛወረች ሞከረችው። በሄዱበት ሁሉ ተገኙ።

ሲስተር ኢንሳፍ ማታን ነኩ፤ የመኪናው ጥያቄ ብቅ አለ። ጠዋትን ሲነኩ ጠፋ። እንደገና ማታ።

"አቡ ዛሂ የሚባሉ ታማሚ አሉኝ" አሉ ዓይናቸውን ከገጹ ሳይነቅሉ። "ከእጥበት ወጥተው መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይለምናሉ። ከእንግዲህስ ተገላገሉ።"

አቡ ፊራስ ነርሷን ሊሸኝ ሲወጣ ከበሩ ዞር አለ።

"ሌይስ! እሑድ ጠዋት ወንበርህን ወደ ኡም ቀይስ ጠጋ አድርግ፤ ይህን ነገር ታስተምርሃለች።"

ሙንተሃ የሰማችው እሑድ የሚለውን ብቻ ነበር። ወሯ የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ እሑድ ደግሞ የሚቀጥለው የሥራ ሳምንት መጀመሪያ። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

"ኡም ቀይስ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?" አለ ሌይስ።

"ዝም በል! ወንበርህን አሁኑኑ አምጣ።"