በቃል የተያዙት አሥራ አንድ ገጾች

የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጅዳ ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገልኳት ማዳም ግን የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ዓይኗ ሲደክም የውጭ አገር ተማሪዎቿን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እኔ አነብላታለሁ፤ እርማቱን እሷ ስትነግረኝ እጽፋለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ የማስተርስ ተማሪዎች ሂንዳዊያ ሰፈር ቤቴ ድረስ እየመጡ አስጠኚን ይሉኝ ጀመር።

አንዷ መካ፣ ጀርወል ሰፈር የተወለደች የወሎ ሰዎች ልጅ ነበረች። ሙሉ ቁርኣን በልጅነቷ በቃሏ ይዛለች። ስለ መካ አሮጌ ሰፈሮች የጻፈችውን ሳታሳየኝ ለዩኒቨርሲቲ መምህርቷ አስረከበች፤ አሥራ አንዱም ገጽ ከአንድ መጽሐፍ በቃሏ አጥንታ የገለበጠችው ነበር። የጸሐፊውን ስም አንድም ቦታ አልጠራችም። መምህርቷ «ስርቆት» ብላ መለሰችላት። እስከ እሑድ እንደገና ካልጻፈች ትባረራለች።

ቅዳሜ ጧት ላግዛት ጀርወል ቤታቸው ስደርስ ወንድሟ ወረቀቱን አንብቦታል። ላፕቶፗን ቀኝ እጇ ላይ ዘግቶ ረግጦታል። የዓረብ ሻሹን ማሰሪያ ጥቁር ገመድ ከራሱ አውርዶ ይገርፋታል።

«ኻላ፣ አትግቢበት። ሌባ ነው ያሳደግነው» አለኝ፤ ኻላ አክስቴ ማለቱ ነው።

«በቃሏ ይዛ ነው የጻፈችው።»

«ወረቀቱ ስርቆት ይላል፣ ኸላስ፣ አለቀ። ወይስ አስተማሪዋም ካንቺ ትማር?»

ገመዱን ሲያነሳ ክንዱን በከዘራዬ መታሁት። ገፍትሮ ጣለኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ተነስቼ ጉልበቱን ደገምኩት። እያነከሰና እየተሳደበ ወጣ።

ልጅቷን ይዤ ጅዳ ተመለስኩ። እጇን በጨርቅ ሳስርላት «የዓሊም፣ የሊቅ ቃል ይለወጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» አለችኝ።

«ሐዲስ ስትናገሪ ከማን እንደተወራ ትጠሪ የለ? እዚህም የጸሐፊውን ስም ጥሪ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጊና የራስሽን በይ።»

«የራሴ የምለው የለኝም።»

«ሰውየው ምን ተሳስቷል?»

«ጀርወል ሆቴል እንጂ ነዋሪ የለውም ይላል። እኛስ?»

«እሱን በይ።»

እሷ ስትናገር እኔ ጻፍኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

እሑድ መምህርቷ «የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?» አለች። ልጅቷ ያበጠ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መምህርቷ ወረቀቱን በፊቱ ደፋችው። «እንግዲያው በአፍሽ ንገሪኝ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ነገረቻት፤ አለፈች። ማደሪያዋን እኔ ዘንድ አደረገች።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ መጥቶ በሬን በእርግጫ ገነጠለው። እኔን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ «የት ነች?» አለ።

«ትምህርቷ ላይ» አልኩት።